ብዙ ለሄደ መኪና የትኛው ካንዴላ? ኒኬል፣ ፕላቲነም ወይስ ኢሪዲየም

ካንዴላ፣ ማለትም ሲሊንደር ውስጥ ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን ዕቃ፣ ሊገዛ የሄደ ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው «ተራው ይሁን ኢሪዲየሙ?» ተብሎ ነው። መኪናው አዲስ ከሆነ መልሱ አያስቸግርም፤ ከፋብሪካ ይዞት የመጣውን ዓይነት መልሶ መግጠም ነው። 200,000 ኪሎሜትር ላለፈ ሞተር ግን ነገሩ እንዲህ በአንድ ቃል አያልቅም። ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ተበልቶ ዘይት ማሳለፍ ጀምሮ ሊሆን ይችላል። ለካንዴላው ከፍተኛውን ቮልቴጅ የሚያመነጨው ቦቢና ደክሞ ይሆናል። ከዚህ በፊት ማን ካንዴላ እንደቀየረና ምን እንደገጠመ ብዙ ጊዜ አይታወቅም። ለዚህ ነው ሰው ሲጠይቀኝ ሁሌም አንድ ነገር የምለው፦ ከመግዛታችሁ በፊት አሮጌውን ፈትታችሁ እዩት። ምን መግዛት እንዳለባችሁ የሚነግራችሁ እሱ ነው።

አሁን የምነዳው መኪና እጄ ሲገባ ቆጣሪው 260,000 አልፎ ነበር። ሚኒሞ ላይ፣ ቤንዚን ሳይሰጠው ቆሞ ሲሠራ፣ ይንቀጠቀጣል፤ ዳገት ላይ ሲጫን ነጠቅ ነጠቅ ያደርገዋል። አንድ መካኒክ የሞተሩን ክዳን እንኳ ሳይከፍት «ኢሪዲየም አስገባበት፣ ይስተካከላል» አለኝ። ሞተሩ እስኪበርድ ጠብቄ አራቱንም ፈታሁና ከ1 እስከ 4 ቁጥር የጻፍኩበት ካርቶን ላይ በየተራቸው ደረደርኳቸው። አንደኛው፣ ሁለተኛውና አራተኛው ተመሳሳይ ነበሩ፤ ነጩ ሸክላ ወተት እንደገባበት ሻይ ቀለም ይዟል፣ የኤሌክትሮዱ (እሳቱ የሚዘልበት ብረት) ጠርዝ ተበልቶ ክብ ሆኗል፣ 1.1 ሚሊሜትር መሆን የነበረበት ክፍተት 1.4 መለኪያ ያሳልፋል። ሦስተኛው ግን ጥቁርና እርጥብ ነበር። በጣቴ ስነካው ዘይት ነው፤ ክሩ ድረስ ተለቅልቋል። እዚያ ሲሊንደር ላይ ኢሪዲየም አይደለም ወርቅም ቢገባ በጥቂት ሳምንት ያው ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ኮምፕረሽን (ሲሊንደሩ አየሩን አምቆ የሚይዝበት ግፊት) ሲለካ ሦስተኛው ከሌሎቹ ጋር እኩል ሆነ፤ ስለዚህ ጥፋቱ የፋሻው አልነበረም፣ የቫልቭ ጎሚኒው (ዘይት በቫልቩ በኩል እንዳይወርድ የሚያግደው ጎማ) ደርቆ ዘይት ከላይ እየወረደ ነበር። ጎሚኒው እስኪቀየር ድረስ ተራ ኒኬል ገጥሜ ነዳሁ። ረጅም ዕድሜ ያለውን ያስገባሁት ከዚያ በኋላ ነው።

ስለዚህ አሮጌውን ካንዴላ ማንበቡን ቀድመን እንጨርስ።

ሸክላው ፈካ ያለ ቡናማ ወይም ግራጫ ከሆነና ደረቅ ከሆነ ሞተሩ በደህና እየነደደ ነው፤ የሚያስፈልጋችሁ አዲስ ካንዴላ ብቻ ነው። ደረቅ ጥላሸት ካለበት ቤንዚን እየበዛ ነው፣ ወይ የአየር ፊልትሮው ተደፍኗል፣ ወይ መኪናው ሳይሞቅ አጭር አጭር መንገድ ብቻ እየተነዳ ነው። እርጥብና የሚያብረቀርቅ ጥቁር የዘይት ነው። ሸክላው ወረቀት መስሎ ከነጣ፣ ይባስ ብሎ ትናንሽ ኳስ የመሰለ ቅላጭ ብረት ካረፈበት፣ ካንዴላው ከልክ በላይ ግሏል፤ ይህን ሳያጣሩ አዲስ ገጥሞ መንዳት ፒስተን ያስበላል። ቀይ ወይም ጡብ የመሰለ ሽፋን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ቤንዚኑ ውስጥ ከሚጨመር ንጥረ ነገር የሚመጣ ነው።

ሁለት ነገር ብዙ ሰው ያሳስታል። አንደኛው ዘይቱ ከየት እንደመጣ ነው። ዘይት ያለው ከላይ፣ ቦቢናው በሚሰካበት ጉድጓድ ውስጥ ከሆነና የካንዴላው ጫፍ ደረቅ ከሆነ፣ ችግሩ የሞተሩ የላይኛው ክዳን ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ነው። ይህ ከፋሻ ጋር ግንኙነት የለውም፤ ለመጠገንም ብዙ አይከብድም። ሁለተኛው ከውጭ በኩል፣ ሸክላው ከብረቱ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ ቀለበት ሠርቶ የሚታይ ቡናማ እድፍ ነው። ብዙዎች «ጋዝ እያሳለፈ ነው» ብለው ይደነግጣሉ። አይደለም፤ ከፍተኛው ቮልቴጅ በዙሪያው ያለውን የዘይት ብናኝ ስቦ የሚያስቀምጠው ነው፤ ምንም አይጎዳም።

አሁን ወደ ብረቶቹ።

ተራው ካንዴላ በተለምዶ «ኮፐር» ይባላል። ስሙ ግን ያደናግራል። መዳብ ያለው መሐል ውስጥ፣ ሙቀት እንዲያወጣ ነው፤ ኢሪዲየም የሚባለውም ቢሆን ውስጡ መዳብ አለው። የተራው ጫፍ የኒኬል ቅይጥ ነው። ልዩነቱ ሁሉ ያለው እሳቱ በሚዘልበት በዚያች ጫፍ ላይ ነው። ኒኬል በ1,455 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል፣ ፕላቲነም በ1,768፣ ኢሪዲየም በ2,446። እያንዳንዱ ብልጭታ ከጫፉ ላይ ትንሽ ትንሽ ብረት ይዞ ይሄዳል፤ ኒኬል ቶሎ ስለሚበላ ፋብሪካው ጫፉን ወፈር አድርጎ፣ ወደ 2.5 ሚሊሜትር ገደማ ይሠራዋል። ኢሪዲየም ስለሚችል 0.6፣ አንዳንዱም 0.4 ሚሊሜትር ድረስ ይቀጥናል። ኤሌክትሪክ ደግሞ ከቀጭንና ከስለታም ጫፍ መዝለል ይቀለዋል። ስለዚህ ኢሪዲየም ያለው ጥቅም ሁለት ነው፦ ቶሎ አይበላም፣ ከቦቢናው የሚጠይቀው ቮልቴጅም ያነሰ ነው።

በዕድሜ ሲታዩ ኒኬል በጥቅሉ ከ30,000 እስከ 50,000 ኪሎሜትር ያገለግላል። ፕላቲነም መሐል ላይ ብቻ ያለበት ከ60,000 እስከ 100,000፤ በሁለቱም ኤሌክትሮዶች (በመሐለኛውና ከፊቱ በታጠፈው) ላይ ፕላቲነም ያለበትና ረጅም ዕድሜ ያለው ኢሪዲየም 100,000 አልፎ አንዳንዱ እስከ 160,000 ይደርሳል። እነዚህ ቁጥሮች ግን ለጤነኛ ሞተር የተሰጡ ናቸው። ዘይት የሚበላ ሞተር ላይ ካንዴላው የሚበላሸው ጫፉ አልቆ አይደለም፤ ቆሽሾ ነው። ቆሻሻ ደግሞ ኒኬልና ኢሪዲየም አይለይም።

ሻጩ የማይነግራችሁን አንድ ነገር እዚህ ላይ ልንገራችሁ፤ ኢሪዲየም ሁሉ አንድ አይደለም። አንዳንዱ ኢሪዲየም ያለው መሐለኛው ጫፍ ላይ ብቻ ነው፤ ከፊት ለፊቱ ያለው የታጠፈው ኤሌክትሮድ ተራ ኒኬል ነው። ሌላው ግን የታጠፈው ላይም ትንሽ የፕላቲነም ቁራጭ ተበይዶበታል። ለምሳሌ ኤንጂኬ ከሚባለው የካንዴላ ፋብሪካ ምርቶች ኢሪዲየም አይኤክስ የመጀመሪያው ዓይነት ነው፣ ሌዘር ኢሪዲየም ሁለተኛው። ሁለቱም ካርቶናቸው ላይ «ኢሪዲየም» ይላል፤ 100,000 ለመሄድ የተሠራው ግን ሁለተኛው ነው። የመጀመሪያው እሳቱ ጥሩ ነው፣ ነገር ግን የታጠፈው ብረት በኒኬል ዕድሜ ይበላል። ስለዚህ ስትገዙ መሐሉን ብቻ አትዩ፤ ገልብጣችሁ የታጠፈውን ከውስጥ በኩል እዩት። ክብ ወይም አራት ማዕዘን ነጭ ነጥብ ካለ ረጅም ዕድሜ ያለው ነው።

ይህ ልዩነት ከሁሉ በላይ የሚታየው አንድ ቦቢና ለሁለት ሲሊንደር በሚያገለግልባቸው ሞተሮች ላይ ነው። በዚያ አሠራር ሁለቱ ካንዴላዎች አብረው ይተኩሳሉ፤ በአንዱ እሳቱ ከመሐል ወደ ታጠፈው ሲዘል በሌላው ተገላቢጦሽ ነው። ተገላቢጦሽ በሚሆንበት ካንዴላ የሚበላው የታጠፈው ኤሌክትሮድ ነው። እንዲህ ያለ መኪና ላይ መሐሉ ብቻ ፕላቲነም የሆነ ካንዴላ መግጠም ገንዘብ ማባከን ነው፤ ወይ ሁለቱም በኩል ያለበት ግዙ፣ ወይ ኒኬል ግዙና ቶሎ ቶሎ ቀይሩ።

እንግዲህ ምን ይሻላል? እኔ እንዲህ ነው የምከፍለው።

ሞተሩ ከፋብሪካ ኒኬል ይዞ የመጣ፣ ዲስትሪቢዩተር (እሳቱን ለየሲሊንደሩ የሚያከፋፍለው) እና ገመድ ያለው የድሮ ዓይነት ከሆነ፣ ካንዴላው እላይ በግልጽ ቦታ ላይ ከሆነ፣ ኒኬል ምንም አይጎድለውም። ሃያ ደቂቃ በማይፈጅ ሥራ በየ30,000 ኪሎሜትሩ አዲስ ስለታም ጠርዝ ታገኛላችሁ፤ በየጊዜውም ሞተሩን ታነባላችሁ። ኢሪዲየም ቢገባበት የሚጎዳው ነገር የለም፤ ጠዋት ሲነሳ ቀለል ሊለው ይችላል። «ጉልበት ይጨምራል» የሚባለው ግን ያለቀ ካንዴላ ሲቀየር የሚሰማ ለውጥ ነው፤ አዲስ ኒኬል ቢገባም ያንኑ ይሰማችኋል።

ሞተሩ ከፋብሪካ ኢሪዲየም ወይም ድርብ ፕላቲነም (በሁለቱም ኤሌክትሮዶች ላይ ያለበት) ይዞ የመጣ ከሆነ፣ ዘይትም የማይበላ ከሆነ፣ ያንኑ መልሱ። እዚህ ላይ ዋጋ ለመቆጠብ ብሎ ወደ ኒኬል መውረድ ኪሳራ ነው። ክፍተቱ በሰፋ ቁጥር ቦቢናው የበለጠ ቮልቴጅ ማመንጨት ይገደዳል፤ ያረጀ ቦቢና ደግሞ በዚህ ጫና ይቃጠላል። ባለቤቱ 100,000 ይሄዳል ብሎ ረስቶት የተቀመጠ ኒኬል፣ በመጨረሻ ቦቢና ያስገዛል።

ዘይት የሚበላ ከሆነና ጥገናው አሁን የማይቻል ከሆነ፣ ያለ ምንም ማመንታት ኒኬል። በየ10,000 ኪሎሜትሩ ፈትታችሁ እዩ። አንዳንድ መካኒክ ቆሻሻውን እንዲያቃጥል ብሎ አንድ ደረጃ ሞቃት የሆነ፣ ማለትም ከጫፉ ሙቀት በዝግታ የሚያወጣ፣ ካንዴላ ይገጥማል። እኔ አልወደውም። ሲሊንደሩ ጤነኛ የሆነበት ጊዜ፣ ረጅም ዳገት ላይ፣ ያ ካንዴላ ከልክ በላይ ይግላል።

ካንዴላው የማይደረስበት ቦታ ከሆነስ? አንዳንድ ቪ6 ሞተር በአግድም የተቀመጠ ነው፤ የኋለኛዎቹን ሦስት ለማግኘት የአየር ማስገቢያው ማኒፎልድ መነሳት አለበት። እዚያ ላይ የካንዴላው ዋጋ ከሥራው ድካም ጋር ሲነጻጸር ምንም ነው። ሁለቱም በኩል የከበረ ብረት ያለበትን ግዙ፣ ከዚያ በታች አትውረዱ።

በጋዝ እንዲሠራ የተቀየረ ሞተር ደግሞ ከቤንዚን ይልቅ ከፍ ያለ ቮልቴጅ ይፈልጋል። ቀጭን ጫፍ ያለው ኢሪዲየም እዚያ ቦታው ነው፤ ክፍተቱንም ቀያሪው ድርጅት በሚያዘው መሠረት ማጥበብ ያስፈልግ ይሆናል።

ባለ ሁለት፣ ባለ ሦስትና ባለ አራት ጥፍር (የታጠፈ ኤሌክትሮድ) ካንዴላም ይሸጣል። አራት ቦታ በአንድ ጊዜ እሳት የሚሰጥ የሚመስለው ብዙ ነው። በአንድ ጊዜ የሚዘለው አንድ እሳት ብቻ ነው፤ ወደ ቀለለው ጥፍር ይዘላል። ጥቅሙ መበላቱን ለአራት መካፈሉ ነው። ፋብሪካው ካዘዘው ግጠሙ፤ ካላዘዘ አትልፉበት።

ብረቱን ከመረጣችሁ በኋላ ኮዱን በትክክል መያዝ ከብረቱ ምርጫ ይበልጣል። ለምሳሌ ቢኬአር5ኢ-11 የሚለውን የኤንጂኬ ኮድ እንውሰድ። ክሩ 14 ሚሊሜትር ውፍረት፣ 19 ሚሊሜትር ርዝመት አለው፤ የሚፈታበት ቁልፍ 16 ሚሊሜትር ነው። «አር» ውስጡ ሬዚስተር (የኤሌክትሪኩን ፍሰት የሚገታ) እንዳለ ይናገራል፤ ይህ የሌለው ሬዲዮን ከማንጫጫት አልፎ የመኪናውን ኮምፒውተር ሊያውክ ይችላል። 11 ማለት ክፍተቱ 1.1 ሚሊሜትር ነው። 5 የሙቀት ደረጃው ነው። የሙቀት ደረጃ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ኤንጂኬና ዴንሶ ላይ ቁጥሩ ሲጨምር ካንዴላው እየቀዘቀዘ ይሄዳል፤ ቦሽና ቻምፒዮን ላይ ተገላቢጦሽ ነው፣ ቁጥሩ ሲጨምር ይሞቃል። ስለዚህ ከአንዱ ፋብሪካ ወደ ሌላው ስትሄዱ ቁጥር ለቁጥር አታመሳክሩ፤ የማመሳከሪያ ሰንጠረዡን አስወጡ። የካንዴላው ጫፍ 450 ዲግሪ ካልደረሰ ጥላሸቱን አቃጥሎ ራሱን ማጽዳት አይችልም፤ ከ800 በላይ ከሄደ ደግሞ እሳት ሳይሰጠው ራሱ ቤንዚኑን ያቀጣጥላል። የደረጃው ቁጥር የሚጠብቀው በነዚህ ሁለቱ መካከል እንዲቆይ ነው።

የክሩ ርዝመት ላይ ደግሞ ቀልድ የለም። የረዘመ ከገባ ፒስተን ሊመታው ይችላል፤ ያጠረ ከገባ ከታች የቀረው የቴስታታው (ካንዴላው የሚገባበት የሞተሩ ራስ) ክር በካርቦን ይሞላና በሚቀጥለው ጊዜ ትክክለኛው አልገባም ይላል። አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን አቁማችሁ ሳታመሳስሉ አትግጠሙ።

አስመስሎ የተሠራ ካንዴላ በየቦታው አለ፤ በተለይ ስማቸው በወጣ ፋብሪካዎች። ካርቶኑን አትመኑ፤ ካርቶን መቅዳት ቀላል ነው። እኔ የማየው ይህን ነው፦ ሮንዴላው (ክሩ ላይ ያለው የማሸጊያ ቀለበት) በእጅ ሲሽከረከር ወልቆ የሚወጣ ከሆነ እጠራጠራለሁ፤ በደህናው ላይ ከክሩ እንዳይወጣ ተቆልፎ ነው የሚሠራው። አራቱን አሰልፌ የታጠፈው ኤሌክትሮድ መሐለኛው ላይ ቀጥ ብሎ መቆሙን፣ ክፍተቱም አንድ መሆኑን አያለሁ። ሸክላው ላይ ያለው ጽሑፍ በጥፍር የሚላጥ መሆን የለበትም። ከዚያ ቴስተር ይዤ ከላይኛው ጫፍ እስከ መሐለኛው ኤሌክትሮድ እለካለሁ፤ «አር» ያለበት ካንዴላ ወደ 5 ኪሎ ኦም አካባቢ ማሳየት አለበት። ዜሮ ካሳየ ሬዚስተር የለውም፣ እቃው ይመለሳል።

አጥቦ መመለስ ወይስ መቀየር? ኒኬል ከሆነና ለጊዜው መንገድ ለመጨረስ ከሆነ ጠርዙን በቀጭን ሞረድ ማቅናት ይሠራል፤ ስለታም ጠርዝ ስለሚመለስለት እሳቱ ይሻሻላል። በሽቦ ብሩሽ ሸክላውን ማሸት ግን አይሆንም፤ ብሩሹ ሸክላው ላይ የብረት መስመር ይተዋል፣ እሳቱም ያንን መንገድ ይዞ ይጠፋል። ኢሪዲየምና ፕላቲነም ጫፍ ላይ ምንም ነገር አይታሸም። ክፍተቱንም ስትለኩ በክቡ ሽቦ መለኪያ በቀስታ እንጂ፣ ሳንቲም በሚመስለው ተንሸራታች መለኪያ እየገፋችሁ አይሁን፤ ያቺ 0.6 ሚሊሜትር ጫፍ ትሰበራለች። ማስተካከል ካስፈለገ የሚነካው የታጠፈው ብቻ ነው።

አንዱ ብቻ ስለተበላሸ አንዱን ብቻ መቀየርም አልመክርም። ሌሎቹ በዚያው ኪሎሜትር ላይ ናቸው። ገመዱ ወይም የቦቢናው ጎማ ከደረቀና ከተሰነጠቀ አብሮ ይቀየር፤ አዲስ ካንዴላ ላይ እሳቱ በተሰነጠቀው ጎማ ሾልኮ ወደ ብረቱ ቢሄድ ምን ጥቅም አለው? የመኪናው ኮምፒውተር የሚያወጣው፣ ፒ0301፣ ፒ0302 እያለ የሚቀጥለው የብልሽት ኮድ የትኛው ሲሊንደር ሳይነድ እንደሚያልፍ ይነግራችኋል። ካንዴላ ከቀየራችሁ በኋላም እዚያው ላይ ከቀጠለ የዚያን ሲሊንደር ቦቢና ከጎረቤቱ ጋር አቀያይሩ፤ ኮዱ ቦቢናውን ተከትሎ ከሄደ ጥፋተኛው ቦቢናው ነው። ይህን ማጣራት አታቆዩት፤ ያልነደደ ቤንዚን በጭስ ማውጫው ወርዶ ካታሊቲክ ኮንቨርተሩ (የጭሱን መርዝ የሚቀንሰው ክፍል) ውስጥ ሲነድ አቅልጦት ይሄዳል፤ እሱ ደግሞ ከካንዴላው ጋር የሚወዳደር ዋጋ አይደለም።

ሲፈታ፦ ሞተሩ ይብረድ። አሉሚኒየም ቴስታታ በግለቱ ሲፈታ ክሩ ከካንዴላው ጋር ተጎትቶ ይወጣል። ጉድጓዱን መጀመሪያ በአየር ንፉ፤ አሸዋ ሲሊንደር ውስጥ አይግባ። አንድ ሩብ ዙር ከተላቀቀ በኋላ ከጠነከረባችሁ አትታገሉት፤ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ጠብ አድርጉና ቆዩ፣ ከዚያ ጥቂት አጥብቃችሁ ጥቂት እያላላችሁ አውጡት። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ2004 እስከ 2008 በተሠሩ፣ በየሲሊንደሩ ሦስት ቫልቭ ባላቸው የፎርድ 5.4 ሊትር ሞተሮች ላይ ካንዴላው ከሁለት ክፍል የተሠራ ስለነበር የታችኛው ግማሽ በካርቦን ተጣብቆ ይቀር ነበር፤ እንዲህ ያለ መኪና ያለው ሰው የተሰበረውን ማውጫ መሣሪያ ላለው ባለሙያ ይስጥ።

ሲገጠም በእጅ ይጀመር፤ ጉድጓዱ ጥልቅ ከሆነ አጭር የጎማ ቱቦ ጫፉ ላይ ሰክታችሁ አሽከርክሩት። ክሩ ከተዛባ ቱቦው ራሱ ይሾልክና ያስቆማችኋል፤ ቁልፍ ግን ቴስታታውን ያርሰዋል። ክሩን ግራሶ መቀባት ወይስ ደረቁን? ደረቁን። የዛሬ ካንዴላ ክሩ ላይ ዝገት የሚከላከል ሽፋን ይዞ ይመጣል፤ ግራሶ ሲጨመርበት ይንሸራተትና በቁልፉ ላይ የምታነቡት ልክ ሐሰት ይሆናል፣ ሳታውቁት ታጠብቁታላችሁ። ቶርክ ሬንች (ምን ያህል እንደጠበቀ የሚለካ ቁልፍ) ካላችሁ 14 ሚሊሜትር ክር ያለው ባለ ሮንዴላ ካንዴላ በአሉሚኒየም ቴስታታ ላይ ከ25 እስከ 30 ኒውተን ሜትር፣ 12 ሚሊሜትሩ ከ15 እስከ 20 ይበቃዋል፤ የመኪናው መጽሐፍ ከዚህ ያነሰ ካለ መጽሐፉን ያዙ። ቁልፉ ከሌላችሁ በእጅ ሮንዴላው እስኪነካ፣ ከዚያ ግማሽ ዙር ወይም ትንሽ አልፎ። ሮንዴላ የሌለው፣ መቀመጫው እንደ ሾጣጣ የሆነው ግን ከእጅ በኋላ አንድ አሥራ ስድስተኛ ዙር ብቻ ነው፤ እንደ ሌላው ግማሽ ዙር ካዞራችሁት ሁለተኛ አይፈታም።

እጃችሁ ላይ እያለ ሲሚንቶ ላይ የወደቀ ካንዴላ ካለ አትግጠሙት። ሸክላው በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ይዞ ሊሆን ይችላል።

የፈታችኋቸውን አሮጌዎቹን አትጣሉ፤ የሲሊንደሩን ቁጥርና ኪሎሜትሩን ጽፋችሁ በካርቶኑ አስቀምጡ። አዲሶቹን ከ2,000 ኪሎሜትር በኋላ፣ በመጀመሪያ ዘይት ሲያሳይ የነበረውን ሲሊንደር ብቻ ፍቱና ከአሮጌው ጋር አጠገብ ለአጠገብ እዩት። የኔ ሦስተኛው ያን ጊዜ ደርቆ ሸክላው ፈካ ያለ ቡናማ ሆኖ ነበር የወጣው።